በከዘራ የተሰበረ ሪከርድ

ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። መታወቂያዬ ስልሳ አምስት ይላል፤ መታወቂያውን የሞላው ልጅ ግን እኔ ስወለድ አልነበረም። እናቴ ነበረች፤ የማምነውም እሷን ነው።

ይህን የምጽፈው ሀዋሳ ውስጥ ስለ እኔ የሚወራው ወሬ ከቀን ወደ ቀን መልኩን ስለቀየረ ነው። አንዱ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው ይላል። ጫማማ ነበረኝ፤ ያውም ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ አውራ ጣት ላይ የሚቆነጥጥ። ሌላው ደግሞ በወጣትነቱ ለክፍለ ሀገር ይሮጥ ነበር ይላል። ወጣትነቴን የጨረስኩት ድንጋይ ስደረድር ነው። ግንበኛ ነኝ። ግንበኛ ሲሮጥ ካያችሁ ግድግዳው ሊወድቅ ነው ማለት ነው፤ እናንተም ሩጡ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለሆነ የምጽፈውም እንደማወራው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

የሟች ወንድሜ ልጅ እዮብ አንዲት ልጅ ወደደ። ትዕግስት ትባላለች። ልጅቷ ጨዋ፣ ቤተሰቡ ጨዋ፣ ሁለቱም የአንድ ቤተክርስቲያን ልጆች። ችግሩ አባትየው ናቸው። አቶ ዳንጊሶ ይባላሉ፤ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ የወጡት ከደመወዙ ነው እንጂ ከፊሽካው አልወጡም። እስከ ዛሬ ፊሽካና የሩጫ ሰዓት አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ለለቅሶ ሲሄዱ ብቻ ኪሳቸው ይከቱታል።

ለሽምግልና የተላክነው ሦስት ነን። እኔ አንድ። ጎረቤቴ ሐጂ ከድር ሁለት፤ የስልጤ ሰው ናቸው፣ መሃል ከተማ ሱቅ አላቸው፣ ምላሳቸው ከምላጭ የሰላ ነው። ሦስተኛው ጋሽ ላምቤቦ፣ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ፤ ጸሎታቸውም ሰውነታቸውም ሰፊ ነው።

መጀመሪያ ስንሄድ ባጃጃችን መንገድ ላይ ነዳጅ ጨረሰና ዘገየን። አቶ ዳንጊሶ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን አዩና «የዛሬው አልፏል» አሉን። ባጃጅ እያለፈ ነው የመሰለኝ፤ ለካ እኛ ነን ያለፍነው።

ሁለተኛው ጊዜ በሰዓቱ ደረስን። ጋሽ ላምቤቦ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የሐጂ ስልክ ጮኸ። ይዘጉታል ብዬ ስጠብቅ አነሱት። እዚያው ሰው ደጅ ቆመው ስለ ሽንኩርት መከራከር ጀመሩ።

አቶ ዳንጊሶ «ገበያው ወዲያ ነው» ብለው በጣታቸው አሳዩን።

ሦስተኛውን ቀጠሮ በሰው ላኩ። የመጨረሻ ነው። እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እሳቸው ለጸሎት ከመውጣታቸው በፊት። ያን ጊዜ ካልተገኘን ሌላ ጠያቂ መጥቷል፣ ለእሱ መልስ ይሰጣሉ። እዮብ ይህን ሲሰማ እህል አስጠላው። «አጎቴ» አለኝ፣ «ትዕግስት ራሷ 'የእናንተ ሽማግሌዎች የሚችሉት ምንድን ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?» እኔም አሰብኩና ምንም ስላላገኘሁ «ጸልይ» አልኩት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። አባቴ ያወረሰኝ ሕግ አለ፤ ለሽምግልና የወጣ ሰው ከቤቱ ደጅ ጀምሮ መልሱ እስኪነገር ድረስ እህልም ውሃም አይቀምስም። ሌላው ሰው ይህን የሚጠብቀው የልጅቷ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሐጂማ ሳምቡሳ እየበሉ ነው የሚመጡት። እኔ ግን አልቀምስም። ቀምሼ ቢበላሽ ማን ላይ አሳብባለሁ?

እሁድ ጠዋት ኮቴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ባጃጅ የለም። ሚኒባስ የለም። ከተማው ጭር ብሏል። ለካ ያ የመንገድ ሩጫ የሚሉት የዚያን ዕለት ነው፤ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ በመሃል ከተማ አድርጎ የከተማው ምሥራቅ ጫፍ ድረስ። አልተነገረኝም አልልም። እዮብ በዋዜማው «መንገዱ ዝግ ነው፣ በጊዜ ውጡ» ብሎኛል። እኔ ደግሞ «የሚዘጋው ለመኪና ነው፤ ለሽማግሌ መንገድ ተዘግቶ አያውቅም» ብዬዋለሁ።

ተዘጋ። ሦስታችንም ሥጋ ቤቱ ጎን ያለው ቅያስ አፍ ላይ ቆመን ቀረን። አስፋልቱ በወዲህም በወዲያም በገመድ ታጥሯል፤ ገመዱ ላይ ሰው ተደራርቧል። አንድ ወጣት ፖሊስ አለ።

«አባቴ፣ ማቋረጥ አይቻልም።»

«ልጄ፣ ሽማግሌዎች ነን። ለጋብቻ ጉዳይ ነው የምንሻገረው።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ። ማቋረጥ ግን አይቻልም። አስፋልቱ ላይ የሚገባው የሩጫው ካናቴራ ያለው ብቻ ነው።»

«ካናቴራማ አለን!» አሉ ሐጂ። ልጃቸው ሰሚራ ልትሮጥ ተመዝግባ፣ ካናቴራና ቁጥር ተቀብላ፣ ጠዋት እንቅልፍ አሸንፏት ተኝታለች። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ሄደው አመጡት። አንድ ካናቴራ ለሦስት ሽማግሌ።

መጀመሪያ ጋሽ ላምቤቦ ሞከሩ። አንገታቸው ገባና እዚያው ተያዘ፤ ከሁለት ወገን ጎትተን አወጣናቸው። ሐጂ «እኔ መካ ደርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ደረቴ ላይ ቁጥር አልለጥፍም» አሉ። ቀጭኑ እኔ ነኝ። ከኮቴ በላይ አጠለቁልኝ። ከረባቴ በአንገቱ በኩል ወጥቶ ቁጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«በሉ እርስዎ ተሻግረው ይሂዱ» አሉ ሐጂ። «እኛ ዞረን እንመጣለን። እስክንደርስ ሰውዬውን በወሬ ይያዙልን።»

«ምን ብዬ?»

«ስለ ስፖርት ያውሩላቸው!»

ፖሊሱ አየኝ፤ ካናቴራውን አየ፤ ከዘራውን አየ። «ይለፉ» አለኝ፣ ፊቱን አዙሮ። የሳቀ ይመስለኛል።

አሳቤ መሻገር ብቻ ነበር። ማዶ ደርሼ በገመዱ ስር ልሾልክ ጎንበስ ስል ግን አንዱ አስተናባሪ ክንዴን ያዘኝ። «አባቴ ወደፊት! እዚህ መውጫ የለም፣ መውጫው መጨረሻው ላይ ነው!»

«እኔ ሯጭ አይደለሁም።»

«እንዲህ ነው የሚባለው፤ ሲደክም ሁሉም እንዲህ ይላል። በርቱ!» ብሎ ከኋላዬ ገፋ አደረገኝ።

ለነገሩ አቶ ዳንጊሶ ቤት በዚያው አቅጣጫ ነው። ቀስ ብዬ መራመድ ጀመርኩ። ፊተኞቹ ሯጮች አልፈው ሄደዋል፤ አስፋልቱ ባዶ ነው፣ እኔና ፀሐይዋ ብቻ። መልካም መንገድ አገኘሁ ብዬ አመሰገንኩ። ከዚያ ከኋላዬ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲመጣ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞልቷል። ጎረምሳው ሁሉ አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣባችሁ ለምን እንደመጣ አትጠይቁም። ሮጥኩ።

እውነቱን ለመናገር ከደርግ ጊዜ ወዲህ ሮጬ አላውቅም። ግን እግር አይረሳም መሰለኝ። ከዘራው ከፊቴ፣ ከረባቱ ከትከሻዬ ላይ፣ ጫማው ቋ ቋ ይላል። ከገመዱ ጀርባ አንዲት ሴት «እሰይ የኔ አባት!» ብላ እልል አለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ለየለት።

«ፋዘር ይችላል!»

«ከዘራውን ይጣሉት አባቴ፣ ይከብድዎታል!»

ከዘራዬን ብጥል ምን ይዤ ሽማግሌ ልሆን ነው? ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ውሃ የሚሰጡ ልጆች ጋ ስደርስ አንዷ የተከፈተ ጠርሙስ ዘረጋችልኝ። ጉሮሮዬ እንደ ደረቀ ሲሚንቶ ሆኗል። ውሃውን አየሁት፤ የአባቴ ሕግ ትዝ አለኝ።

«አመሰግናለሁ ልጄ፣ ጉዳይ ላይ ነኝ» አልኳት።

«ኧረ ውሃ እንኳ አይቀምሱም!» ብላ ጮኸች። ይህ ቃል ከእኔ ቀድሞ ሮጠ። በየደረስኩበት «ውሃ የማይጠጣው መጣ!» ይላሉ። ይህን ጊዜ አንድ ስልክ የያዘ ጎረምሳ በገመዱ ማዶ አጠገቤ እየሮጠ ይቀርጸኛል።

«ፋዘር፣ ዕድሜ?»

«ስልሳ ስምንት።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት ለመግባት ነው ያሰቡት?»

«ሦስት ሰዓት! ከዚያ ካለፈ ልጅቷን ለሌላ ይሰጧታል!»

ልጁ ይህን ሲሰማ ሩጫውን አቆመ። ምን እንደገባው አላውቅም።

መጨረሻው ላይ አንድ ድንኳን ተተክሎ ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው ያወራል። ቀና ብሎ ሳያይ ቁጥሬን ነግረውት ነው መሰል፣ ገና ሳልደርስ ጮኸ። «እየመጣች ነው! ሰሚራ ከድር! የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሀዋሳ ልጅ! በሴቶች የዚህን ሩጫ ሪከርድ ሰብራ...» ከዚያ ቀና አለ።

እኔ በከዘራዬ፣ በጺሜ፣ በከረባቴ መስመሩን አለፍኩ።

«ይቅርታ» አለ ድምፅ ማጉያው። «ሰሚራ... ሰሚራ ወንድ ናቸው። አባት ናቸው! በአዛውንቶች ምድብ አዲስ ሪከርድ!»

የአዛውንቶች ምድብ የሚባል ነገር እንዳልነበረ የሰማሁት በኋላ ነው። እዚያው ለእኔ ብለው ፈጠሩት። በዚያ ምድብ ከእኔ በፊት የሮጠ ስለሌለ የሰበርኩት የማንን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንገቴ ላይ ሜዳሊያ አጠለቁልኝ። ማጉያውን ወደ አፌ ሲያስጠጉልኝ እንኳን ዕድል ሰጡኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። «እኔ ከሥጋ ቤቱ ጎን ነው የገባሁት! ከመጀመሪያው አልሮጥኩም!»

አጨበጨቡልኝ። አንዱ «ትሕትናቸው!» አለ። የስፖርት ወዳጅ የሚሉት ሕዝብ አንዴ ከተደነቀ ሊነግሩት አይቻልም። እኔ ራሴ ውሸታም ነኝ እያልኩት «አይዞዎት» ይለኛል። እንዲያውም ተሸከሙኝ። ትከሻቸው ላይ አድርገው እየዘፈኑ ወሰዱኝ፤ የወሰዱኝ ግን ወደ ሐይቁ ነው። የአቶ ዳንጊሶ ቤት ከኋላዬ እየራቀ ይሄዳል፤ እኔ ከላይ ሆኜ አየዋለሁ።

«አውርዱኝ! ሰዓት አለፈብኝ!»

«ሰዓቱንማ ሰበሩት እኮ አባቴ!»

በከዘራዬ አንዱን ትከሻው ላይ፣ አንዱን ጀርባው ላይ፣ በልክ በልክ መታ መታ አደረግኳቸው። ያን ጊዜ አወረዱኝ። ተመልሼ ሮጥኩ። እውነተኛው ሩጫ እንግዲህ ይሄ ነበር፤ ለዚህ ሜዳሊያ የሰጠኝ የለም።

አቶ ዳንጊሶ ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ቤታቸው ከመጨረሻው መስመር ሩቅ ስላልሆነ ሁሉን ከማዕዘኑ ሆነው ሲያዩ ቆይተዋል። ሰዓታቸውን አዩ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ከኋላዬ ደጋፊዎቼ እየጨፈሩ ተከትለውኛል።

«ኬሬ ነው?» አሉኝ፣ በሲዳምኛ ሰላም ማለታቸው ነው። ፊታቸው ላይ ግን ሰላም አልነበረም። «ይግቡ።»

ገባሁ። ቆምኩ። ሽማግሌ የሚቀመጠው «ተቀመጡ» ሲባል ነው፤ «ተቀመጡ» ካሉ ደግሞ ልጅቷን ሰጥተዋል ማለት ነው። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ወንበሩም የሚያውቅ ይመስል ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ላቤን አይተው ደንግጠው ውሃ ይዘው መጡ።

«አይ እመቤቴ፣ መልስ ሳይነገር አልቀምስም።»

«እንዴ፣ ይወድቃሉ እኮ!»

«ከወደቅሁ አንሱኝ። ውሃውን ግን አልጠጣም።»

ደጋፊዎቼ በአጥሩ ላይ አጮልቀው «ሪከርድ ሰባሪውን አስቁሞ ያንገላታል! ወንበር ስጣቸው!» እያሉ ይጮኻሉ። አቶ ዳንጊሶ ፊሽካቸውን አንዴ ነፉ። ጸጥ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፊተኞቹን ሯጮች አይቻለሁ። ሲገቡ ምላሳቸው ወጥቶ ነበር። ቀጥሎ እርስዎ በኮትና በከረባት መጡ። እርስዎ ከሐይቁ ዳር ሮጠው በዚያ ሰዓት ከገቡ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ውሸት ነው።»

«ያስተማሩት ልክ ነው። እኔ ከሥጋ ቤቱ ጎን ነው የገባሁት።»

«ለምን ለሰዎቹ አልነገሯቸውም?»

«ነግሬያቸው ነበር። አጨበጨቡልኝ።»

ወይዘሮ አስቴር በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ ዳንጊሶ አልሳቁም። ይህን ጊዜ ሐጂና ጋሽ ላምቤቦ ተደጋግፈው ገቡ። ሐጂ ገና ከደጅ ስልካቸውን አውጥተው፣ ከፍ አድርገው አሳይተው፣ አጠፉት። ግን ሦስት ሰዓት አልፏል።

«ሦስት ሽማግሌ ነው የቀጠርኩት» አሉ አቶ ዳንጊሶ። «ሁለቱ ዘገዩ። አንዱ ቀደመ፣ እሱም በአቋራጭ። ልጄና ልጃችሁ ነገ ቢጣሉ የምጠራው እናንተን ነው። ሁለታችሁ የምትዘገዩ፣ አንዳችሁ በአቋራጭ የምትመጡ ከሆነ እኔ ልጄን ለማን አደራ ልስጥ?»

በመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ትዕግስት ቆማ አየኋት። ፊቷን ሳየው እዮብ ታየኝ። ያም ሆኖ ነገሩ እውነት ነበር፤ እውነት ስለሆነም ነው የበገንኩት። እኔ ስበግን ደግሞ አፌ ከእኔ ይቀድማል።

«ያስቸገረዎት አቋራጩ ከሆነ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እሄደዋለሁ!» አልኩ።

«በዚህ ዕድሜ ግማሹንም አይጨርሱት።»

«ሦስታችንም እንሄደዋለን!»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ ሐጂ በሹክሹክታ።

አቶ ዳንጊሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ። አስተማሪነታቸው ተመለሰ መሰለኝ። «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ሦስታችሁም መስመሩ ጋ ከደረሳችሁ መልሴን እዚያ እሰጣለሁ። አንዳችሁ እንኳ ብትቀሩ ነገሩ አለቀ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ልትፈጅ ነው?» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

ሜዳሊያውን አውልቄ ለአቶ ዳንጊሶ ሰጠሁና «ለሩጫው አዘጋጆች ያድርሱልኝ፤ እኔ ስነግራቸው አይሰሙም፣ በፊሽካ ይንገሯቸው» አልኩ። ቤቴ ስደርስ እንስራ ሙሉ ጠጣሁ፤ ለነገ ደግሞ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ተገኘን። ጋሽ ላምቤቦ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሐጂ የሰሚራን ሮዝ የሩጫ ጫማ አድርገው። አባ ኮዳዎቹ አሞሮች ዳሩ ላይ ተሰልፈው ያዩናል። «የሚጠብቁት እኛን ነው» አሉ ሐጂ፣ «የት ጋ እንደምንወድቅ እየመረጡ።» ጋሽ ላምቤቦ ጸለዩ፤ ረዘም አደረጉት፣ ለመዘግየት ነው መሰለኝ። አቶ ዳንጊሶ በብስክሌታቸው ላይ ሆነው ፊሽካቸውን ነፉ። ሄድን።

የሰኞ ጠዋት ነው፤ ገመድ የለም፣ ደጋፊ የለም። በሌላ ቀን ብጠራው የማይቆም ባጃጅ ሁሉ አጠገባችን እየቆመ «አባቶች፣ ላድርሳችሁ?» ይላል። በሐጂ ሱቅ በኩል ስናልፍ የተዘጋ በር ላይ የቆሙ ደንበኞች «ሐጂ፣ ስኳር!» ብለው ጮኹ።

«ዛሬ ሯጭ ነኝ!» አሉ ሐጂ፣ ዞረውም አላዩም። ስልካቸውም አልጮኸም። ያን ጊዜ ለእኚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ሥጋ ቤቱን ካለፍን በኋላ የጋሽ ላምቤቦ ጉልበት እምቢ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «እናንተ ሂዱ፣ ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን» አሉ። እኔና ሐጂ ተያየን። ያለ እሳቸው መድረስ አለመድረስ ነው። በግራና በቀኝ ገባንላቸው። ጋሽ ላምቤቦን መሸከም ቤት እንደመሸከም ነው፤ እኔ ደግሞ ቤት ሠርቻለሁ እንጂ ተሸክሜ አላውቅም። አቶ ዳንጊሶ ከብስክሌታቸው ወርደው እየገፉ ከጎናችን መሄድ ጀመሩ። ያግዙናል ብዬ ነበር፤ አላገዙም። ግን ቀስ አሉልን።

ፀሐይ ጠንክራ ደረስን። ድንኳኑ ተነቅሏል፣ ሰው የለም፤ መስመሩ ብቻ አስፋልቱ ላይ ደብዝዞ ቀርቷል። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ አለፍነው። አቶ ዳንጊሶ ሰዓታቸውን ጫን አደረጉ፤ አዩት፤ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው መሥራቱን አረጋገጡ።

«ፊሽካ ከያዝኩ ጀምሮ በዚህ ከተማ እንደዚህ የዘገየ አላየሁም» አሉ። ሦስታችንን በየተራ አዩን። «ግን ሙሉውን ነው። ግቡና ተቀመጡ።»

ግቡ ያሉት ቤት እዚያው ማዶ ነው፤ እኛ ግን ያን ያህል አልቻልንም። አስፋልቱ ዳር እዚያው ተቀመጥን። ወይዘሮ አስቴር ውሃውን በጆግ ይዘውልን መጡ። ከኋላቸው ትዕግስት ብርጭቆ ይዛ ትመጣለች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም፣ ዓይኔ በላብ ተሞልቶ ነበር። በብርጭቆው ሳልጠብቅ ከጆጉ ጠጣሁ። ከዚያ ጫማዬን አወለቅኩና እዮብ ጋ ደወልኩ።

«አጎቴ፣ ምን አሉ?»

«ባጃጅ ይዘህ ና።»

«እምቢ አሉ?»

«መጀመሪያ ባጃጁን» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት።